ሁለት ድምፅ፣ አንድ ቀዳዳ

ዓለም ገና ታክሲ ተራ ላይ ዓባይነህን የማያውቅ ረዳት የለም። የሚታወቀው ግን በአዳኝነቱ ሳይሆን በቁጣው ነው። ረዳቶቹ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሰው ከመጠቅጠቃቸው በፊት አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰገግ አድርገው «ባሩዱ አለ እንዴ?» ይላሉ። ካለ ይተዉታል። አንድ ቀን አንዱ ደፍሮ «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ በል!» ቢለው፣ ዓባይነህ ወርዶ በሩን በትከሻው ደግፎ ቆመና «ያ አራተኛ ሰው ካልወረደ ይህች መኪና ዛሬ አትንቀሳቀስም» አለ። ተራው በሙሉ ቆመ። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ። አራተኛው ሰው ደግሞ ሥራ የረፈደበት ምስኪን ነበርና እስከ ዛሬ ዓባይነህን ሲያይ መንገድ ያቋርጣል።

ባለቤቱ አሰጋሽ ይህን ስትሰማ «ባሩድስ ደህና፤ አንዴ ጮሆ ያርፋል» ነበር ያለችው።

ሰው እንደሚያስበው ግን ዝም ብሎ የሚፈስ ቁጣ አይደለም። ልብ ብሎ ላየው መልክ አለው። ዓባይነህ ቱግ የሚለው፣ አንድ ሰው የሌላውን ጉዳት እያወቀ «ኧረ ምንም አይደል» ብሎ ሲያልፈው ነው። ይህን ጠባይ ያወጣው ደግሞ ከሥራው ነው።

ዓባይነህ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ተወልዶ አደገ። ሰፈሩ ሲፈርስ ኪራይ የሚቀመሰው ሰበታ ስለሆነ ሰበታ ገባ። በሃያ ዓመቱ ለአንድ የአደን ድርጅት ድንኳን ተካይ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከድንኳን ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ቆዳ ገፋፊነት እያለ በመጨረሻ ጠመንጃ ተሸካሚ ሆነ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ጠመንጃ ተሸካሚ ማለት ሸክም የሚሸከም ሰው ማለት አይደለም። ከተኳሹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ፣ ተኳሹ ዓይኑን ማነጣጠሪያው ላይ ሲተክል እሱ አውሬውን የሚያይ፣ ጥይቱ ገባ ወይም ሳተ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል። ጥይት መሬት ሲመታ «ድፍ» ይላል። ሥጋ ሲመታ ግን ወንዝ ዳር እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ እንደሚመታ «ጧ» ይላል። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የመጣው ደንበኛ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር። አቶ መኮንን ይባላሉ፤ በከባድ መኪና ንግድ የኖሩ፣ አሁን ሱሉልታ ላይ ቪላ ሠርተው ያረፉ ሰው ናቸው። ጎሽ ለመግደል ፈቃድ አወጡ። ጎሹን ሊገድሉ ያሰቡት ግን በእናታቸው አባት፣ በግራዝማች ጠመንጃ ነው።

ይህን ጠመንጃ ያላየ ሰው የሚከተለው ነገር አይገባውምና ቀስ ብለን እንየው፤ መታየት የሚገባው ነገርም ነው። ሁለት በርሜል ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መቺና የየራሳቸው ቃታ አላቸው። እንግዲህ በአንድ ሰደፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጠመንጃዎች ናቸው ማለት ነው። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው አለ፤ አንዱ ከጮኸ በኋላ ማቀባበል የለም፤ ጣትን ከፊተኛው ቃታ ወደ ኋለኛው ማሸሽ ብቻ ነው። አውሬ ሲመጣብህ ከዚህ የሚፈጥን መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። ቀለሁ አውራ ጣት ያህላል፤ ከፊቱ ያለው እርሳስ ሰው ሰደፉን በትከሻው ሲቀበለው ወደ ኋላ የሚገፋ ከባድ ነገር ነው። ሩቅ ግን አይደርስም። ስለዚህ ጠጋ ማለት ግድ ነው፤ የጎሹ ጆሮ ላይ ያለውን መዥገር እስክታይ ድረስ።

ዋናው ጉድ ያለው ባሩዱ ላይ ነው። ጥቁር ባሩድ እንደ ዛሬው ባሩድ ነድዶ አያልቅም፤ ግማሹ ጭስ ይሆናል። አንድ ጥይት ሲተኮስ ከተኳሹ ፊት የነጭ በግ ለምድ የመሰለ ጭስ ይዘረጋል። ነፋስ ካለ ይወስደዋል። ከሌለ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ የድሮ አዳኞች አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ ቀኙን ተኩሰህ ከጭሱ ውጣ፤ ወደ ጎን ተራመድና እይ፤ ግራውን ያየኸው ላይ ብቻ ተኩስ። ዓባይነህ ይህን ለአቶ መኮንን ቡራዩ ባለው የድርጅቱ ግቢ ውስጥ በባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ አለማምዷቸዋል።

አደኑ ከጊቤ ማዶ፣ ከጅማ መንገድ በስተ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለ የሸንበቆ ጥሻ አጠገብ ነበር። ዓርብ ማለዳ ነው። ቅጠል አይነቃነቅም። ፈቃድ ያለው መሪ አዳኝ ቢንያም፣ የድርጅቱም ባለቤት እሱ ነው፣ መነጽር የተገጠመለት ዘመናዊ ጠመንጃውን ይዞ በስተ ቀኝ ቆሟል። ዱካ አንባቢው ሐምዱ፣ የአገሬው ሰው፣ ከፊት ተንበርክኳል። አቶ መኮንን ተጠግተው ቀኙን ተኮሱ። ጭሱ ተዘረጋ። አልወጡም። በጭሱ ውስጥ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ አዩና ግራውን ደገሙት።

«ጧ» አለ። ደግሞ «ጧ»።

«ሁለቱም! ሁለቱም ገቡ!» ብሎ የጮኸው ዓባይነህ ነው። ጭሱ ሲገለጥ አውራው ጎሽ ወድቋል፤ መንጋው እየደለቀ ወደ ጥሻው ገብቷል። ተቃቀፉ። አቶ መኮንን አለቀሱ። ዓባይነህም ዕድሜውን ሙሉ ሲያልመው የነበረ አተኳኮስ ስለሆነ ደስታ አሰከረው። ከዚያ ጠመንጃውን ይዞ ወደ እሳቱ ሄደ፤ ምክንያቱም ጥቁር ባሩድ ጥላሸቱ እርጥበት ይስባል፤ በዚያው ቀን በፈላ ውኃ ካልታጠበ ብረቱን ሲበላው ያድራል። እሱ ሲያጥብ ቆዳውን ሐምዱ ገፈፈ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ተነሳ፤ እሑድ ሱሉልታ ላይ ድግስ አለና።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ዓባይነህ ቡራዩ ግቢ ውስጥ ቆዳውን ዘርግቶ ያደረውን ጨው እየጠረገ በአዲስ ጨው ሊያሸው ተቀመጠ። ቀኝ ትከሻው ላይ ቀዳዳውን አገኘ። ሁለተኛውን ፈለገ። ቆዳውን ገለበጠ። በጣቱ ከአንገት እስከ ታፋ እየዳበሰ ሄደ። እንደገና ከታፋ እስከ አንገት ተመለሰ።

የግቢው ዘበኛ ዲሪርሳ ከበሩ ጠጋ አለና «ማል ታቴ፣ ኦቦ ዓባይነህ? ምን ሆንክ?» አለው።

«ቀዳዳ ጠፋብኝ።»

«ኧረ ተመስገን በል! ሰው ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ሲጠፋለት በግ ያርዳል።»

ዓባይነህ አልሳቀም። ፊቱ እንደ ጨው ሲነጣ አይቶ ዲሪርሳም ሳቁን ዋጠ።

ነገሩ ይህ ነው። ሁለት ጊዜ «ጧ» ብሏል። አንድ ቀዳዳ አለ። እንግዲህ ሁለተኛው እርሳስ ሌላ ጎሽ ውስጥ ነው። በጭሱ ውስጥ የታየው ጥቁር ነገር የወደቀው አውራ ሳይሆን ከኋላው ያለፈ ሌላ ነበር። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ አይሸሽም። ትንሽ ሄዶ ይዞርና በመጣበት ዱካ ጎን ጥሻ ውስጥ ይተኛል፤ የመታውን ይጠብቃል። የመታው ካልመጣ ያለፈውን ይይዛል። ከዚያ ጥሻ ጎን ደግሞ ሰኞ ሰኞ የአገሬው ሴቶች ከነአህዮቻቸው ወደ ገበያ የሚወርዱበት የእግር መንገድ አለ። ዓባይነህ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። ሸንበቆው የሴቶቹን ነጠላ ይነካል።

ቢንያም ከከተማ ሲመጣ ዓባይነህ በጨዋማ እጁ የመኪናውን መስኮት ያዘ።

«ዛሬ እንመለሳለን።»

«ወዴት?»

«ቁስለኛ ጥለናል። ቆዳው አንድ ቀዳዳ ነው ያለው።»

ቢንያም መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ዓባይነህ፣ አንዱ ስቷል። ያለ ነገር ነው።»

«አልሳተም። ሰምቻለሁ።»

«ጆሮ ነው እንግዲህ። ደም ያየ አለ? የለም። ፈቃዳችን ደግሞ ለአንድ ጎሽ ነው። ሕጉን ታውቃለህ፤ ደም ከፈሰሰ ገደልክ ነው የሚባለው። ያልገደልነውን ገደልን ብለን ራሳችንን እንክሰስ? ያ ቦታ ይዘጋብናል። አንተም እንጀራህ ነው።»

«ሰኞ ገበያ ነው!»

«ሰኞ ከሰዓት እኔ ራሴ ወርጄ አያለሁ። ቃሌ ነው።»

«ሰኞ ከሰዓት ምን ልትቀብር? ገበያው ጠዋት ነው እኮ፣ አንተ ሰው!»

«አትጩህብኝ፤ ዘበኛው ይሰማል።»

«ይስማ! ዲሪርሳ፣ ሰማህ? ቁስለኛ ጎሽ ከነእርሳሱ ገበያ መንገድ ላይ ተኝቷል!»

ዲሪርሳ በሩን የሚወለውል መሰለ። ቢንያም መስኮቱን እየዘጋ «ነገ ሱሉልታ መስካሪው አንተ ነህ። ጨዋ ሆነህ ና» አለና ወደ ውስጥ ነዳው። ጠመንጃዎቹ በብረት ሳጥን ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ ቢንያም ኪስ ነው። ዓባይነህ ሐምዱ ዘንድ ደወለ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለችው ያቺ የማትደክም ሴት። የሐምዱ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። አቶ መኮንን ቤት ደወለ፤ አንድ ሰው አንስቶ «ጋሼ እንግዳ ይዘዋል፤ ነገ በአካል ታገኛቸዋለህ» ብሎ ዘጋው። ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢደውል ቅዳሜ ከሰዓት ማን ያነሳል?

ማታ እራት ላይ ጎርሶ ያኘካል እንጂ አይውጥም። አሰጋሽ አየችውና «በል ንገረኝ፤ ካልሆነ ሳህኑን ትሰብረዋለህ» አለችው። ነገራት።

«ነገ ትመሰክራለህ እንግዲህ።»

«እመሰክራለሁ።»

«ምን ብለህ?»

ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ከዚያ ቀጥሎ የት ልትሠራ ነው? በሃምሳ ስድስት ዓመትህ ማን ድንኳን ያስተክልሃል?»

«አንቺም እንደ ቢንያም?»

«እንደ ቢንያም አይደለሁም» አለችና ኮቱን ከሚስማሩ አውርዳ መጥረግ ጀመረች። «ከሥራ ስትባረር ቆሻሻ ኮት ለብሰህ እንዳትታይ ነው።»

ስለ ምስክርነቱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእነ ግራዝማች ቤት ወግ ገዳይ ለራሱ አይመሰክርም። ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ሰው የቤቱ ታላቅ ሴት ራሱን ለጋ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ያ ቅቤ ነው ገዳይነቱን የሚያጸድቀው። ግን ቅቤው ከመነካቱ በፊት አብሮ የነበረ ሰው ተነስቶ ያየውን መናገር አለበት። ያለ መስካሪ ፉከራው ወሬ ነው።

እሑድ ሱሉልታ ብርድ ነበር፤ ቢሆንም ድንኳኑ በሰው ሞቋል። ቆዳው ከነጨው ሽታው ግድግዳ ላይ ተወጥሯል። የግራዝማች ጠመንጃም ከሥሩ ተደግፏል። ወንዲ የሚባል የአቶ መኮንን የእህት ልጅ ዱላ እየነቀነቀ ይፎክራል፦

«ባለ ሁለት አፉ፣ የአያቴ ውርስ፣
በቀኝ ተናግሮ በግራ ሲመልስ!»

«በለው!» ይላል ድንኳኑ።

የአቶ መኮንን እናት እማማ የሺወርቅ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ የግራዝማች የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ቅቤውን በሳህን ይዘው፣ ከፊታቸው በርጩማ ላይ የተቀመጡትን ስድሳ አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጃቸውን እንደ ሕፃን ቁልቁል ያያሉ። ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ነከሩና «መስካሪው የታል?» አሉ።

ቢንያም ዓባይነህን በክርኑ ገፋ አደረገው። «በአጭሩ» አለው በሹክሹክታ።

ዓባይነህ ተነሳ። «አቶ መኮንን ተጠግተው ተኩሰዋል። በቀኙ አውራ ጎሽ ጥለዋል። አይቻለሁ።»

«እልል!»

«አልጨረስኩም።» እልልታው ተቆረጠ። «በግራው ሌላ አቁስለዋል። ከጭሱ ሳይወጡ ተኮሱ፤ እኔም ከጭሱ ሳልወጣ ‹ሁለቱም› ብዬ ጮኽኩ። ቆዳው ያው ነው፤ ቀዳዳውን ቁጠሩ። ሌላው ጎሽ ከነእርሳሱ ነገ ሴቶች የሚያልፉበት መንገድ ዳር ተኝቷል። እኛ ደግሞ እዚህ እንበላለን።»

ሁሉም አንድ ላይ ጮኸ። ወንዲ ዱላውን እንደያዘ «ሽማግሌ ነው ብለን እንጂ! በሰው ድግስ ላይ!» አለ። ቢንያም «ደክሞት ነው፤ ትናንትም እንዲህ ሲል ነበር» አለ። አቶ መኮንን ከበርጩማው ተነስተው ፊታቸው ደም መስሎ «ማን ከፍሎህ ነው የምታዋርደኝ? ማን ነው የላከህ?» አሉ።

«የላከኝ የለም። ተቆጥቼ ነው የመጣሁት!»

«በግል ብትነግረኝስ?»

«ትናንት ደወልኩ፤ እንግዳ ይዘዋል ተባልኩ። ደግሞስ ዓርብ ‹ሁለቱም› ያልኩት በግል ነበር? በጮኽኩት ልክ ጮኼ ነው የምመልሰው።»

እማማ የሺወርቅ ይህ ሁሉ ሲሆን አልተንቀሳቀሱም። ቅቤው ጣታቸው ላይ ነው። ቀስ ብለው ጣታቸውን በሳህኑ ጠርዝ ጠረጉና ቅቤውን ወደ ሳህኑ መለሱት። ያን ያዩ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«መኮንን።»

«አቤት እማዬ።»

«ጭሱ ውስጥ ምን አየህ?»

«ጥቁር ነገር» አሉ አቶ መኮንን።

«ጥቁር ነገር» አሉ እናታቸው። «አባቴ ቁስለኛ ጥሎ ቤቱ አልገባም። አንድ ጊዜ ነብር አቁስሎ ስምንት ቀን ጫካ አደረ፤ እናቴ ሞቷል ብላ ከል ለበሰች። አንተ በአባቴ ጠመንጃ አቁስለህ ሱሉልታ መጥተህ ጥብስ ትበላለህ? ተነስ። ይሄ ቅቤ ይጠብቅሃል። ካልመጣህም ወጥ ይሠራበታል።»

አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ። አቶ መኮንን ጠመንጃውን ከግድግዳው አነሱ። እናታቸውን አላዩም፤ ዓባይነህንም አላዩም። ቢንያምን ግን አዩት። «ቁልፍህን ይዘሃል?» አሉት። ቢንያም ይዟል። በቡራዩ በኩል አልፈው ዘመናዊውን ጠመንጃ ካወጡ በኋላ በሰበታ አድርገው በጅማ መንገድ ወረዱ። ሦስት የተቆጡ ሰዎች በአንድ መኪና ሲሄዱ መስኮቱ ካልተከፈተ አየሩ አይበቃም። እስከ ጊቤ ድረስ መስኮቱ አልተዘጋም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። የእግር መንገዱ አፍ ላይ የተቆረጠ እሾህ ተከምሯል፤ ከእሾሁ አጠገብ ሐምዱ ጦሩን ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። ቢንያምን ሲያይ ተነስቶ አንገቱን ነቀነቀ።

«ቅዳሜ በማለዳ ነበር ያልከኝ። እኔ እዚህ ሦስት ቀን እንደ ውሻ መንገድ ስጠብቅ!»

ዓባይነህ ወደ ሐምዱ ዞረ። «ምን አለህ?»

«አታውቅም እንዴ? ዓርብ ዕለት ቆዳውን ገፍፌ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሳይ ሸንበቆው ድረስ ሄድኩ። ደም አገኘሁ። ቅጠሉን ቆርጬ ለሱ አሳየሁት። ‹ለማንም እንዳትናገር፤ ዓባይነህ ያውቃል፤ ቅዳሜ በመኪና እንመጣለን› አለኝ። ወላሂ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስደውልለት ያጠፋዋል።»

ቅዳሜ ቢንያም ደም ያየ አለ ወይ ብሎ ነበር። ቅጠሉን በእጁ ይዞ ያየው ራሱ ነው። ዓባይነህ ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቷል፤ የዚህ ግን ጆሮው ውስጥ ገብቶ እንደ ጉንዳን ሄደበት። እጁን አነሳ። ቢንያም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሐምዱ የዓባይነህን ክንድ አየር ላይ ያዘው።

«ነገ ምታው። ነገ ጠዋት ጥሩ ተኳሽ ያስፈልገናል።»

አቶ መኮንን ይህን ሁሉ ቆመው ሰምተዋል። ቢንያምን «ወዳጄ» አሉትና ጀርባቸውን ሰጡት።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ገበያተኛው ገና ሳይነሳ፣ በደሙ ዱካ ገቡ። ሐምዱ ከፊት፣ አቶ መኮንን ከኋላው፣ ዓባይነህ ከእሳቸው አንድ እርምጃ ጎን፣ ቢንያም በስተ ቀኝ። ዛሬም ነፋስ የለም። ዓባይነህ በጆሯቸው «ከቀኙ በኋላ ወደ ግራ። ጭሱን ለኔ ይተዉልኝ» አላቸው። ሐምዱ ቆመ። አፍንጫውን ነካ። ሽታው ለሁሉም ደረሰ፤ የቆሰለ ሥጋ ሦስት ቀን ሲቆይ የሚሸተው ሽታ ነው።

ጎሹ ባልጠበቁት በኩል፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሸንበቆውን ሰብሮ ወጣ። የኋላ እግሩ ይጎተታል፤ ቢሆንም ይሮጣል። ሐምዱ ወደ መሬት ተወረወረ። አቶ መኮንን ቀኙን ተኮሱ። የጭሱ ለምድ ተዘረጋ፤ ዓለም ነጭ ሆነ። «ውጡ!» ብሎ ዓባይነህ በሕይወቱ ጮኾ በማያውቀው ድምፅ ጮኸ። ሽማግሌው ወደ ግራ ዘለሉ፤ ተንበረከኩ፤ ከጭሱ ጎን አዩት፤ ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ጭሱ ውስጥ ሊገባ፣ ቅድም እሳቸው ወደነበሩበት ቦታ ሊደርስ ነው። ግራውን ተኮሱ። ቢንያምም ተኮሰ። ጎሹ በጉልበቱ ወርዶ በራሱ ላይ ተገለበጠ፤ ቀንዱ ጭቃውን እንደ ማረሻ ሰነጠቀው።

ማንም አልፎከረም። አቶ መኮንን እዚያው ተንበርክከው የኋላ እግሩን፣ ከታፋው በላይ እርሳሳቸው የገባበትን፣ ያበጠውንና መግል የያዘውን ቦታ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ሳይነኩት መለሱ።

ቢንያም ወደ ዓባይነህ ተጠጋ። ድምፁ ለስልሷል። «ጋሽ ዓባይነህ፣ ሆነልን እኮ። አሁን ቀንዱን እንቅበረው፤ ሥጋውን የአገሬው ሰው ይብላው። የዱር አራዊት ጠባቂው ስካውት ሳይነሳ እንጨርሳለን።»

ሐምዱ አቧራውን እያራገፈ «እንግዲህ አሁን ምታው» አለ።

ዓባይነህ አልመታውም። «ስካውቱን ጥራልኝ፣ ሐምዱ» አለ። «ደሙ ፈሷል፤ ይቆጠር።» ቢንያም ወደ አቶ መኮንን ዞረ። አቶ መኮንን አሁንም ታፋውን እያዩ «ሁለት ነው የገደልኩት» አሉ። «ሁለት ተብሎ ይጻፍ።»

«ጋሼ፣ ቦታው ይዘጋብኛል!»

«ይዘጋ! ሰው ይዘጋ የነበረውን አፍ ነው የምትከፍተው?» ብሎ ዓባይነህ ጮኸበት። ምን ማለቱ እንደሆነ በደንብ ራሱም አልገባውም፤ መናገሩ ግን ልክ ነበር። ስካውቱ መጥቶ ሁለት ብሎ ጻፈ። መኪናው ሊነሳ ሲል አቶ መኮንን በሩን ከፍተው ዓባይነህን «ግባ» አሉት። መሪውን የያዘው ቢንያም ስለሆነ አልገባም።

እሾሁን ከመንገዱ ላይ በእጁ አነሳ። የመጀመሪያዋ ገበያተኛ ሬሐና ነች፤ አህያዋ ላይ ማር የሞላ ቅል ጭናለች፤ ቀደም ብላ መጥታ ከእሾሁ ወዲያ ስትነጫነጭ ቆይታለች።

«እናንተ ናችሁ መንገዱን የዘጋችሁት?»

«እኛ ነን» አለ ዓባይነህ።

«ሦስት ቀን! ውኃ በሌላ በኩል ቀዳሁ፣ እንጨት በሌላ በኩል ለቀምኩ! ዛሬ ደግሞ ገበያው ሊበተንብኝ! ስንት ዓመትህ ነው አንተ? ሽማግሌ አይደለህም? ጎሽ የምታባርርበት ሌላ አገር አጣህ?»

በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው፣ ለእንዲህ ያለ ንግግር ዓባይነህ የሚመልሰው መልስ አያጣም። አሁንም ቁጣው አልበረደም። ግን እሷ ላይ የሚወረወር ቁጣ አልነበረውም። አህያዋ ሸንበቆው ጎን ስትደርስ ሽታው አስደንግጧት ቆመች፤ ዓባይነህ ልጓሟን ይዞ አሳለፋት። ሬሐና ነጠላዋ ከሸንበቆው ጋር ሲነካካ አላወቀችውም።

እሱም የሚሄድበት መንገድ ያው ነው፤ አውቶቡስ የሚቆመው አስፋልቱ ጋ ነውና። እስከ አስፋልቱ ድረስ ስትቆጣው ሄደች።